ከሰማይ ወረዱ ወይስ ከተራራ? የ«ኤሊያን» ምድራዊ መነሻ ሲዳሰስ

በሰማይ ላይ እንግዳ ነገር ታየ በተባለ ቁጥር ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ከየትኛው ዓለም መጡ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ግን ገና ሲነሣ ግማሹን መልስ ይዞ ነው የሚመጣው፤ እንግዶች እንዳሉና ከሩቅ እንደመጡ አስቀድሞ ተቀብሏል። ባለፉት ስልሳ ዓመታት ይህን የማይቀበሉ፣ ታሪኩንም ቅዠት ነው ብለው የማይጥሉ ጸሐፊዎች ተነሥተዋል። እነዚህኞቹ የእንግዶቹ መነሻ እዚሁ ምድር ላይ ነው ይላሉ። አንዱ ከሰው ዓይን የተሰወረ ሌላ ዘር አለ ይላል፤ ሌላው የጠፋ ሥልጣኔ ቅሪት ናቸው ይላል፤ ሌላው ከወደፊቱ ዘመን የተመለሱ የራሳችን ልጆች ናቸው ይላል፤ መናፍስት ናቸው የሚልም አለ።

ይህን ክርክር ከደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ ከመካነ ሰላም፣ ከሳይንት፣ ከለጋምቦና ከመቅደላ ሆኖ ማየት ብዙ ነገር ይገልጣል። ከመቅደላ አምባ ከተዘረፉት መጻሕፍት አንዱ የሆነው መጽሐፈ ሔኖክ ዛሬ ስለ ኤሊያን የሚጽፉ ሰዎች ዋና ምስክር ሆኗል። አዲስ ግኝት ተብሎ የሚቀርበውን የተሰወሩ ጎረቤቶች ሐሳብ የአካባቢው ሰው በዛርና በጅን ታሪክ ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ሰማዩም ቢሆን ባዶ ሆኖ አያውቅም፤ የወሎ ሰው ከሰማይ የሚመጣ ነገር ምን እንደሆነ በመከራ ተምሯል። ሁሉንም አንድ ላይ ስመለከት የምደርስበት ፍርድ ይህ ነው፦ መነሻው ምድር ነው የሚሉት አቅጣጫውን አግኝተዋል፤ ያ ምድራዊ መነሻ ግን የተሰወረ ፍጡር አይደለም፤ ሰው ራሱ ነው፤ መጽሐፉ፣ ትውስታውና መሣሪያው።

መላ ምቶቹ

የዚህ አስተሳሰብ ፈር ቀዳጅ ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክና የኮምፒውተር ባለሙያ ዣክ ቫሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው «ፓስፖርት ቱ ማጎኒያ» በተሰኘ መጽሐፉ የበራሪ ሳህን ምስክርነቶችን ከአውሮፓ የጥንት የመናፍስት ተረቶች ጋር አስተያየ። በ9ኛው ክፍለ ዘመን የሊዮን ሊቀ ጳጳስ የነበረው አጎባርድ ስለ ዘመኑ ሰዎች አንድ ነገር ጽፎ ነበር፤ በረዶ የመታውን ሰብል ማጎኒያ ወደምትባል አገር የሚያጓጉዙ፣ በደመና ላይ የሚቀዝፉ መርከቦች አሉ ብለው ያምኑ ነበር። ቫሌ የመርከቡና የበራሪ ሳህኑ ታሪክ አንድ ዓይነት ቅርጽ እንዳለው አሳየ። ባለታሪኮቹ በየዘመኑ ልብሳቸውን ይለውጣሉ እንጂ ድርጊታቸው ያው ነው፤ ይታያሉ፣ ሰው ይወስዳሉ፣ መልእክት ይሰጣሉ፣ ይሰወራሉ።

ከእሱ ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1970 አሜሪካዊው ጆን ኪል እንግዶቹ ከእኛው ምድር ጋር ተደራርቦ ካለ ሌላ የህልውና ደረጃ የሚወጡ ናቸው ሲል፣ በዚያው ዓመት የሥነ ሕይወት ሰው የነበረው አይቫን ሳንደርሰን መኖሪያቸውን ከውቅያኖስ በታች አደረገው። ማክ ቶኒስ የተባለው ጸሐፊ ደግሞ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣ መጽሐፉ፣ ቁጥራቸው የተመናመነ፣ ከሰው ጋር የሚቀራረቡ ምድራዊ ፍጡራን ራሳቸውን ከሌላ ዓለም የመጡ እያስመሰሉ ያታልሉናል የሚል ሐሳብ አቀረበ። የሥነ ሰብእ ምሁሩ ማይክል ማስተርስ እ.ኤ.አ. በ2019 ክርክሩን ወደ ጊዜ አዞረው። ምስክሮች የሚያዩት ትልቅ ራስ፣ ትንሽ ፊት ያለውና በሁለት እግር የሚሄድ ፍጡር የሰው ዝግመተ ለውጥ ወደፊት ሲቀጥል የሚደርስበትን ይመስላል፤ ስለዚህ እንግዶቹ የልጅ ልጆቻችን ሊሆኑ ይችላሉ ባይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2024 ቲም ሎማስ፣ ብሬንደን ኬዝና ራሱ ማስተርስ በጋራ ባወጡት ጽሑፍ እነዚህን ሐሳቦች በአራት መደቧቸው፦ የጠፋ የሰው ሥልጣኔ ቅሪት፣ ሰው ያልሆነ ግን እዚሁ ምድር ላይ የበቀለ አስተዋይ ፍጡር፣ ከሌላ ዓለም ወይም ከሌላ ዘመን መጥቶ በምድር የተሸሸገ፣ እና እንደ መንፈስ ያለ። ጸሐፊዎቹ አብዛኛው የሳይንስ ሰው እንደማይቀበላቸው ራሳቸው ተናግረዋል፤ የጠየቁት በሩ ሙሉ በሙሉ እንዳይዘጋ ብቻ ነው። ምድር ውስጧ ባዶ ነው፣ እዚያ ሰዎች ይኖራሉ የሚለው የቆየ ሐሳብ ግን በሩ ተዘግቶበታል። የመሬት መንቀጥቀጥ ሞገዶች የምድርን ውስጥ አሳይተውናል፤ ኢንገ ሌማን የተባለችው የዴንማርክ ሳይንቲስትም ከእነዚሁ ሞገዶች ተነሥታ እ.ኤ.አ. በ1936 ምድር በመካከሏ የውስጥ እምብርት እንዳላት ደርሳበታለች።

ከመቅደላ የሄደው መጽሐፍ

መጽሐፈ ሔኖክ ሙሉው የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው። ተጓዡ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 ቅጂዎችን ወደ አውሮፓ ወሰደ፤ ሪቻርድ ሎረንስም በ1821 ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሕይወታቸውን ካጠፉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር አምባውን ዘረፈ። 15 ዝሆኖችና 200 ገደማ በቅሎዎች የተጫኑት ያ ምርኮ ሲወርድ ወደ 350 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት የእንግሊዝ ሙዚየም ድርሻ ሆኑ። ከእነርሱም መካከል የሔኖክ ቅጂዎች ነበሩ፤ አር. ኤች. ቻርልስ የግዕዙን ጽሑፍ አመሳክሮ ሲያሳትም እነዚህን ተጠቅሟል። ዛሬ በለንደን በእንግሊዝ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ።

የኤሊያን ጸሐፊዎች ዓይን ያረፈው በመጽሐፉ መጀመሪያ ክፍል ላይ ነው። ሁለት መቶ ትጉሃን መላእክት በስምያዛ አለቅነት በአርሞንኤም ተራራ ላይ ይወርዳሉ፤ የሰውን ሴቶች ልጆች ያገባሉ፤ ቁመታቸው ሦስት ሺህ ክንድ የሆነ ረዓይት፣ ማለትም ግዙፋን፣ ይወለዳሉ። አዛዝኤል ሰይፍና ጋሻ መሥራትን፣ ጌጣጌጥን፣ ዓይን መኳልን ያስተምራል። ኤሪክ ፎን ዳኒከን እ.ኤ.አ. በ1968 የጀመረው የመጻፍ ፈሊጥ ይህን ሁሉ የጠፈር መንኮራኩርና የቴክኖሎጂ ትምህርት አድርጎ ያነብበዋል።

ይህን ንባብ የሚያቀርቡት ሰዎች መጽሐፉን ሲወስዱ ትርጓሜውን ትተውት ሄደዋል። በቤተ ክርስቲያናችን የአንድምታ ትምህርት ሴቶቹን ያገቡት፣ «የእግዚአብሔር ልጆች» የተባሉት ደቂቀ ሴት፣ ማለትም የአዳም ልጅ የሴት ዘሮች ናቸው። በደብር ቅዱስ ተራራ በንጽሕና ይኖሩ ስለነበር በመላእክት ስም ተጠሩ፤ ከተራራው ግርጌ በሰፈሩት በደቂቀ ቃየን ዘፈንና የሙዚቃ መሣሪያ ድምፅ ተስበው፣ በሴቶቻቸውም ውበት ተማርከው ወረዱ። በግዕዝ የሚገኘው ገድለ አዳምም ይህንኑ ይተርካል፤ ሥጋ የሌላቸው መላእክት ከሰው ሊወልዱ አይችሉም ሲል ተቃራኒውን አሳብ በግልጽ ይሞግታል። በሌላ በኩል ክብረ ነገሥት የመላእክትን ውድቀት ታሪክ ይዟል። ስለዚህ በአገራችን ጥያቄው በሁለት ወገን ሲታይ የኖረ ነው፤ መምህራኑ ያደሉት ግን ወደ ምድራዊው መልስ ነው። ከሰማይ የወረዱ የመሰሉት ከተራራ የወረዱ ሰዎች ናቸው አሉ።

ይህ መልስ ለዛሬው ክርክር ታላቅ ዋጋ አለው። እነ ሎማስ እ.ኤ.አ. በ2024 የደረሱበትን «ምድራዊ ቢሆኑስ?» የሚል ጥያቄ የኛ ሊቃውንት ከዘመናት በፊት ጠይቀው፣ የተሰወረ ፍጡር መጨመር ሳያስፈልጋቸው መልሰውታል። የታሪኩንም ክብደት አላቀለሉትም፤ የሰው ልጅ ከፍታውን ጥሎ የወረደበት፣ ብረትንም ለመገዳደያ ያዋለበት የኃጢአት ታሪክ አድርገው አስተምረውታል።

የተሸሸጉት የሔዋን ልጆች

ሁለተኛው የአካባቢው ምስክር በቃል የሚነገረው ነው። ስለ ዛር አመጣጥ በአገራችን በሰፊው የሚተረከው እንዲህ ነው፦ ሔዋን ሠላሳ ልጆች ነበሯት። እግዚአብሔር ሊያያቸው ሲመጣ እጅግ የተዋቡትን አሥራ አምስቱን ሸሸገቻቸው። እርሱም ይህን ዐውቆ የተሸሸጉት እንደተሸሸጉ ይቅሩ አለ። የታዩት የእኛ አባቶች ሆኑ፤ ያልታዩት ዛር ሆኑ። ስለዚህ ዛር ከሌላ ዓለም የመጣ አይደለም፤ ወንድማችን ነው፤ ይበልጥ የተዋበ፣ ይበልጥ ኃያል፣ በዚሁ ምድር በሌሊት የሚንቀሳቀስ። ማክ ቶኒስ የጻፈው የተሰወረ ዘር ከዚህ ትረካ ምን የተለየ ነገር አለው? የሚጎድለው የሔዋን እናትነት ብቻ ነው።

ሥርዓቱን በቅርብ ያየ ሰው ተመሳሳይነቱን ይበልጥ ያስተውላል። ቡናው ተፈልቶ፣ ዕጣኑ ጨሶ፣ ከበሮው ሲመታ ታማሚዋ ጉሪ ትጀምራለች፤ አንገቷን እያሽከረከረች ትወዛወዛለች። ባለዛሩ ያን ጊዜ ጥያቄውን ያቀርባል፦ ማን ነህ? ከየት መጣህ? ምን ትሻለህ? ዛሩም በፈረሱ፣ ማለትም ባደረባት ሴት አፍ ስሙን፣ አገሩንና የሚፈልገውን ይናገራል። በምዕራቡ ዓለም በኤሊያን ተወሰድኩ የሚል ሰው በሰመመን ሐኪም ፊት ተቀምጦ የሚጠየቃቸው ጥያቄዎችም እነዚሁ ሦስቱ ናቸው። ፈረንሳዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ሚሼል ሌሪስ በ1920ዎቹ ዓ.ም. በጎንደር የዛር ቤቶችን ካጠና በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ ሥርዓቱ ትዕይንትም እምነትም ሆኖ እንደሚኖር አሳይቷል። ሕመሙ እውነት ነው፤ የሚገኘው እፎይታም እውነት ነው፤ የተናጋሪውን ማንነት የሚወስነው ግን ማኅበረሰቡ የሚያውቀው ታሪክ ነው።

የወሎ እስልምናም ለዚህ የራሱ መልስ አለው። ጅን ከእሳት የተፈጠረ፣ እንደ ሰው አማኝና ከሐዲ ያለው፣ በምድር የሚኖር ፍጡር ነው። በቁርኣን ሱረቱል ጅን የሰማይን ወሬ ለማድመጥ የወጡ ጅኖች በሚነድ ኮከብ እንደተባረሩ ይነገራል። በሌሊት የሚወረወረውን ኮከብ ያየ የቦረና ወይም የከላላ ሙስሊም አባት ከሰማይ የመጣ እንግዳ አላየም፤ ወደ ምድር የተመለሰ ነዋሪ እንጂ። በክርስቲያኑም ዘንድ የዞሲማስ ታሪክ ከውቅያኖስ ማዶ በዚህችው ምድር የተሰወሩ ብፁዓን ስላሉበት አገር ይተርካል፤ በየገዳማቱም ስለ ስውራን አባቶች ይነገራል።

እነዚህን እምነቶች እንደ ማስረጃ ቆጥሮ መላ ምቱን ለማጠናከር መጠቀም ግን ስሕተት ነው። ቫሌ ያስተማረን ቁም ነገር ታሪኮቹ በየአገሩ አንድ ዓይነት ቅርጽ እንዳላቸው ነው። የቅርጹ መመሳሰል አንድ የተሰወረ ዘር መኖሩን አያረጋግጥም፤ አንድ ዓይነት ፍርሃት፣ ሕመምና ናፍቆት ያለበት የሰው ልጅ መኖሩን ግን ያረጋግጣል። እምነቱን ለአማኙ እንተው፤ ሳይንስ ነኝ ብሎ የሚመጣው መላ ምት ግን የሳይንስን ፈተና ማለፍ አለበት።

ዱካው የት አለ?

ፈተናው ዱካ ነው። በባሌ ተራሮች ፊንጫ ሐበራ በተባለ የዋሻ ጥላ፣ 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት አዳኞች ይኖሩ ነበር። በቁጥር ጥቂት፣ በመሣሪያም ድሃ ነበሩ። ሆኖም አመዳቸው፣ የባልጩት ስለታቸው፣ ጠብሰው የበሉት የፍልፈል አጥንት ተገኝቷል። በሳይቤሪያ ዴኒሶቫ ዋሻም ከአንዲት የጣት አጥንት ስባሪ በተወሰደ ዲ ኤን ኤ እ.ኤ.አ. በ2010 ከዚያ በፊት ያልታወቀ የሰው ዘር ተለየ። ምድር ብዙ ዓይነት ሰዎችን አንድ ላይ አኑራለች፤ ይህ የመላ ምቱ ብርቱ ጎን ነው። ይሁን እንጂ ከጣት አጥንት ዘር የሚለይበት ዘመን ላይ ሆነን፣ በራሪ መንኮራኩር የሚሠራ ሥልጣኔ አንድ የጥራጊ ክምር እንኳ አለመተዉን እንዴት እንቀበል? ከመካነ ሰላም ብዙ ሳይርቅ ባለው በቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ቀይ ቀበሮ አለ። ቁጥሩ እጅግ አነስተኛ ነው፤ ሆኖም በዱካው፣ በዓይነ ምድሩና በጉድጓዱ ይታወቃል።

የጥንት ሥልጣኔን ጉዳይ በሚገባ የመረመሩት ሳይንቲስቶቹ ጋቪን ሽሚትና አዳም ፍራንክ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጽሑፍ ከሚሊዮን ዓመታት በፊት የኢንዱስትሪ ሥልጣኔ ኖሮ ቢሆን ምን ምልክት ይተው ነበር ብለው ጠየቁ። ከተሞቹ ይጠፋሉ፤ በደለል ድንጋይ ውስጥ የካርቦን ሚዛን መዛባት፣ ሰው ሠራሽ ቁሶች፣ የብረታ ብረት ክምችት ግን ሊቀሩ ይችላሉ። ደራሲዎቹ ራሳቸው እንዲህ ያለ ሥልጣኔ ነበረ ብለው አያምኑም። የዓባይ ሸለቆ ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ የተከፈተ መጽሐፍ ነው፤ ከቦረና ደጋ ወደ ዓባይ ሲወረድ ከላይ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከሥሩ የዳይኖሰር ዘመን የአሸዋና የኖራ ድንጋይ ተደርድሮ ይታያል። የሥነ ምድር ባለሙያዎች በዚህ ሸለቆ ያነበቡት የባሕርን መምጣትና መሄድ፣ የእንስሳትንም ቅሪት ነው። የፋብሪካ ጥቀርሻ ያገኘ የለም።

ከወደፊቱ ዘመን የተመለሱ ናቸው የሚለው ሐሳብ ደግሞ ለዱካ ፈተና እንኳ አይቀርብም። ያልመጣ ዘመን ማስረጃ አይጠየቅምና፣ ማንም ሊያስተባብለው አይችልም፤ ማንም ሊያስተባብለው የማይችል ነገር ደግሞ ዕውቀት አይሆንም።

ከሰማይ የመጣው ሰው ነበር

በሰሜኑ ደጋ ከሰማይ የመጣውን የመጀመሪያ እንግዳ ታሪክ መዝግቦታል። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት በራስ ጉግሣ ወሌ ሠራዊት ላይ የመንግሥት አውሮፕላን አንዣበበ፤ መጀመሪያ የማውገዣ ወረቀት በተነ፣ ቀጥሎ ቦምብ ጣለ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ። ከ2013 እና 2014 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ ደግሞ ድሮን የገጠር እናት ሳትቀር የምታውቀው ቃል ሆኗል። ይህን ያሳለፈ ሕዝብ በሰማይ ላይ ድምፅ ሲሰማ ማንነቱን አጣርቶ የማወቅ መብት አለው፤ ነገሩን ምስጢራዊ አድርጎ ማቅረብ ከተጠያቂነት ማሸሽ ይሆናል።

ምስጢር መንግሥታትን እንደሚጠቅም የአሜሪካ ታሪክ ያስረዳል። በ1947 እ.ኤ.አ. በሮዝዌል የወደቀው የሶቪየትን የኒውክሌር ሙከራ ለማዳመጥ የተለቀቀ የፊኛ ጭነት እንደነበር የአየር ኃይሉ በ1994 አስታወቀ። ጄራልድ ሄንስ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው የሲ አይ ኤ ጥናት ደግሞ በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ ከቀረቡት የዩፎ ሪፖርቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከዩ-2 እና መሰል የስለላ በረራዎች የመጡ እንደነበሩ ተገልጿል። አውሮፕላኑ ከ18,000 ሜትር በላይ ይበር ስለነበር ምድር ከጨለመች በኋላ ክንፉ በፀሐይ ያብለጨልጭ ነበር። ባለሥልጣናቱ እውነቱን እያወቁ ዝም አሉ።

የዛሬው የመካነ ሰላም ሰማይም በዚሁ ሕግ ይነበባል። እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2019 ጀምሮ የስታርሊንክ ሳተላይቶች በአንድ ጊዜ በደርዘኖች ይለቀቃሉ። ከመሸ በኋላ እንደ ግመል ቅፍለት ተከታትለው፣ ያለ ድምፅ፣ እኩል ርቀት ጠብቀው ሰማዩን ሲያቋርጡ ይታያሉ። ከዚያ በሰማዩ መካከል አንድ በአንድ ይጠፋሉ። የሚያበሩት ከፍታቸው ፀሐይዋን ገና ስለሚያሳያቸው ነው፤ የሚጠፉትም የምድር ጥላ ውስጥ ሲገቡ ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ሰማይ እሳታማ ጅራት እየጎተተ ያለፈውን ነገርም የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ወይ የጠፈር ስብርባሪ ወይ ተወርዋሪ አለት ነው ብሏል።

በግልጽ ያልተፈቱ ጉዳዮችም አሉ። አንዱ በውጭ መጻሕፍት የሚጠቀሰው፣ ነሐሴ 1 ቀን 1962 ዓ.ም. በአሥመራ አቅራቢያ ሳላዳሬ በተባለች መንደር ሆነ የተባለው ነው፤ የእሳት ኳስ የመሰለ ነገር እየጮኸ አልፎ ቤቶች እንዳፈረሰና ሰዎች እንደጎዳ ተጽፏል። የአሜሪካ አየር ኃይልም ከመረመራቸው 12,618 የዩፎ ሪፖርቶች 701ዱን ሳይለይ መዝገቡን ዘግቷል። ያልተለየ ማለት ግን ያልተለየ ብቻ ነው። ነፋስ፣ መብረቅ ወይም መሣሪያ ሊሆን የሚችለውን ነገር የተሰወረ ዘር ነው ማለት አንዱን የማይታወቅ በሌላ የማይታወቅ መተካት ነው።

የእጃቸውን ሥራ አትንጠቁ

በዚህ ጉዳይ ዝም ማለት የማይገባን አንድ ነገር አለ። ገድለ ላሊበላ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት በመሥራት መላእክት እንደረዱ ይናገራል። ይህ የእምነት ቃል ጠራቢውን አያጠፋውም፤ ሰው ቀን የጠረበውን መላእክት ሌሊት ጨመሩበት ብሎ ሥራውን ያከብረዋል። ጸሐፊው ግርሃም ሃንኮክ እ.ኤ.አ. በ1992 የአውሮፓ የመስቀል ጦረኞቹ ቴምፕላሮች እጃቸው አለበት ሲል፣ የቴሌቪዥን ዝግጅቶችም ከጠፈር የመጡ አሉበት ሲሉ ግን የሚሆነው ሌላ ነው፤ አባቶቻችን ከታሪኩ ይወጣሉ። አለቱ ላይ የመሮ ምልክት ይታያል፤ የወጣው ድንጋይ የተከመረበትንም ተመራማሪዎች ቆፍረው አጥንተዋል። እነዚህ የሰው ላብ ምስክሮች ናቸው።

ስለዚህ ጥያቄው በመጣ ቁጥር ቅደም ተከተል ይኑረን። መጀመሪያ በዚያ ሰዓት በዚያ ሰማይ የማን መሣሪያ እንደነበረ እንጠይቅ፤ ቀጥሎ በመሬት ላይ የቀረ ዱካ እንፈልግ፤ ከዚያ ተራኪው ከየትኛው መጽሐፍና ከየትኛው ተረት እንደተነሣ እንመርምር። ለሦስተኛው ሥራ ከደቡብ ወሎ የተሻለ ቦታ የለም። በመካነ ሰላምና በቱሉ አውሊያ ግቢዎች ያሉት መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ስሙን የወሰደው መጻሕፍቱ ከተዘረፉበት አምባ ነው። የሔኖክን አንድምታ ከመምህራኑ አፍ ቀርጾ፣ የዛሩንና የጅኑን ትረካ ከአረጋውያኑ ሰብስቦ፣ በአማርኛም በውጭ ቋንቋም ቢያሳትም ዓለም ያለ ትርጓሜ የሚያነብበውን መጽሐፍ ከነትርጓሜው ያገኛል። የብራናዎቹ መመለስ በለንደን እጅ ሊሆን ይችላል፤ ትርጓሜያቸውን ማዳን ግን በእኛ እጅ ነው፤ መምህራኑ በሕይወት ሳሉም መጀመር አለበት።